ቁጥሩ ውስጥ ያለው ማን ነው? ስለ ፍልሰት ለምትከራከሩ ወጣቶች

በሥነ ሕዝብ ጥናት፣ በጋዜጠኝነት ወይም በሕዝብ አስተዳደር ሙያ ሥራ ለጀመራችሁ ወጣቶች፤

ወጣት ባለሙያ ሳለሁ ባዘጋጀሁት አንድ ሪፖርት ላይ በዓመቱ ወደ አገር የገቡትን ሰዎች ቁጥር «የሕዝብ ጭማሪ» ብዬ አሰፈርሁት። በዚያው ዓመት ከአገር የወጡትን አልቀነስሁም ነበር። አለቃዬ ሰነዱን አንብበው ሲጨርሱ ከቁጥሩ ጎን በእርሳስ «የሄዱትስ?» ብለው ጽፈው መለሱልኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ስለ ፍልሰት የሚደረገውን ክርክር በሰማሁ ቁጥር ያች ጥያቄ ትመጣብኛለች፤ ተከራካሪዎቹ በሐሳብ የተለያዩ መስሏቸው ሲሟገቱ፣ ብዙ ጊዜ አንዱ የሚያወራው ስለ አንድ ቁጥር፣ ሌላው ስለ ሌላ ቁጥር ሆኖ አገኘዋለሁና።

ካናዳን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2023 መንግሥት በቋሚ ነዋሪነት ሊቀበል ያቀደው 465,000 ሰው ነበር። በዚያ ዓመት ግን የአገሪቱ ሕዝብ በ1.27 ሚሊዮን ገደማ ጨመረ። ልዩነቱ በዋናነት የመጣው ከጊዜያዊ ነዋሪዎች፣ ማለትም ከተማሪዎች፣ ከሠራተኞችና ከጥገኝነት ጠያቂዎች ሲሆን፣ የእነርሱ ቁጥር ብቻውን በ800,000 ገደማ ከፍ ብሏል። ቤት ፈላጊው ወረፋ ላይ ሲቆም ቋሚ ይሁን ጊዜያዊ የሚጠይቀው የለም፤ ዓመታዊው ዕቅድ ግን የሚቆጥረው ቋሚውን ብቻ ነበር። መንግሥት በኦክቶበር 2024 ዕቅዱን ሲከልስ የ2025ን የቋሚ ነዋሪዎች ግብ ከ500,000 ወደ 395,000 ዝቅ አደረገ፤ ለጊዜያዊ ነዋሪዎችም ለመጀመሪያ ጊዜ ግብ አስቀመጠ። ከዚያ በፊት «ዕቅዱ በዛ» እና «ዕቅዱ አነሰ» እያሉ ይሟገቱ የነበሩት ሁሉ የሚያዩት የነገሩን ግማሽ እንኳ አልነበረም።

በአማርኛ ደግሞ የራሳችን ችግር አለብን። ለትምህርት የሄደውንም፣ ሥራ ፍለጋ የወጣውንም፣ ከጦርነት የሸሸውንም በአንድነት «ስደተኛ» እንላቸዋለን። በዕለት ተዕለት ንግግር ጉዳት የለውም፤ በሕግ ጉዳይ ግን ያሳስታል። በ1951 የስደተኞች ስምምነት መሠረት ስደተኛ የሚባለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ቡድን አባልነቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት መሳደድ ይደርስብኛል የሚል በቂ መሠረት ያለው ፍርሃት ይዞት ከአገሩ ውጭ የሚገኝ ሰው ነው። የ1969ኙ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ትርጉሙን አስፍቶ ከውጭ ወረራና የሕዝብን ጸጥታ ክፉኛ ከሚያናጋ ሁኔታ የሸሹትንም ጨምሯል። ጥገኝነት ጠያቂ የሚባለው ጥያቄውን አቅርቦ ውሳኔ የሚጠብቀው ነው። አንድ መንግሥት የሚፈልጋቸውን ሠራተኞች ብዛት ወይም ከካምፕ አንሥቶ የሚያሰፍራቸውን ስደተኞች ቁጥር መወሰን ይችላል፤ ስምምነቱን ፈርሞ ሳለ ግን ደጁ የደረሰውን ሰው «የዘንድሮው ኮታ ሞልቷል» ብሎ ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት ቦታ ሊመልሰው አይችልም። የ1951ዱ ስምምነት 33ኛ አንቀጽ የሚከለክለው ይህንን ነው። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ደምራችሁ «እንቀንስ» ወይም «እንጨምር» ብትሉ፣ በእጃችሁ ያለውንና የሌለውን አደባልቃችኋል።

የሚሰጉትን ሰዎች ለመናቅ አትቸኩሉ። ኪራይ የናረበትና ልጁ የተጨናነቀ ክፍል ውስጥ የሚማር ሰው የሚናገረው ከሚያየው ተነሥቶ ነው፤ ቤት በብዛት ያልተሠራው በስንት ምክንያት እንደሆነ ማስረዳት የእናንተ ሥራ ነው። በሌላ በኩል፣ ዓለም ሁሉ ወደ ሀብታም አገሮች እየጎረፈ ነው የሚለውን አባባል ከመጻፋችሁ በፊት የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንን አኃዝ እዩ፦ በ2024 መጨረሻ በግዳጅ ከቀዬአቸው ከተፈናቀሉት 123.2 ሚሊዮን ሰዎች 73.5 ሚሊዮኑ ከገዛ አገራቸው ድንበር አልወጡም።

እኔን በሙያዬ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን የእርጅና ጉዳይ ነው። ፍልሰት የሚያረጅ ሕዝብን ያድሳል ሲባል ትሰማላችሁ። የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች በ2000 ይህንኑ አስልተውት ነበር። ደቡብ ኮሪያ በ1995 የነበራትን የሠራተኛና የአረጋዊ ምጣኔ በፍልሰት ብቻ እስከ 2050 ጠብቃ ትቆይ ቢባል ከ5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ያስፈልጓት ነበር። ስሌቱ የቀረበው ማንም እንዲፈጽመው ሳይሆን የሐሳቡን ወሰን ለማሳየት ነው፤ የሚመጡትም ያረጃሉና። በ2023 በዚያች አገር አንዲት ሴት በዕድሜዋ ትወልዳለች ተብሎ የተሰላው የልጅ ብዛት 0.72 ደርሷል። ስለዚህ በሩ ይከፈት የሚለውም ይዘጋ የሚለውም ወገን ስለ ጡረታ ዕድሜ፣ ስለ አረጋውያን እንክብካቤና ወጣቶች ልጅ ለመውለድ ስለሚፈሩበት ምክንያት ከመነጋገር አያመልጥም።