በረራዋ ለተሰረዘባት እህት፦ ቫውቸሩን አትቀበዪ

እህቴ፣ ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ በረራሽ 5 ቀን ሲቀረው ተሰርዞ የቫውቸር (በጥሬ ገንዘብ ፈንታ ለሌላ ቲኬት መግዣ የሚሰጥ ሰነድ) ሊንክ ከላኩልሽ፣ እንዳትነኪው።

1. የሚገባሽ ሁለት የተለያየ ገንዘብ ነው፤ አንዱን እየሰጡ ሌላውን ያስረሱሻል። የቲኬቱ ዋጋ በ7 ቀን ውስጥ ይመለሳል፣ ካልፈለግሽ ደግሞ ያለ ጭማሪ በሌላ በረራ ይወስዱሻል። ካሳው ለብቻው ነው። ርቀቱ ከ3500 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ በአውሮፓ ኅብረት የአየር መንገደኞች መብት ደንብ 261/2004 መሠረት 600 ዩሮ ነው፤ የተተካው በረራ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለ መዘግየት ካደረሰሽ 300። መሰረዙን ከ14 ቀን በፊት ቢያሳውቁሽ ኖሮ ካሳ አይኖርም ነበር።

2. ቫውቸር ያለ ፊርማሽ አይሰጥም። ችግሩ እዚህ ጋ ነው፦ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2024 እ.ኤ.አ. ምርጫው በግልጽ ተነግሮት በድረ ገጽ ፎርም ሞልቶ የላከ መንገደኛ እንደፈረመ ይቆጠራል ብሏል። አንዴ ከላክሽው የቲኬቱን ገንዘብ በጥሬው መጠየቅ አበቃ ማለት ነው። ቫውቸሩን አጥብቀው የሚገፉት ገንዘቡ እነሱ ጋ እንዲቀር ነው። ነዳጅ ሲወደድ ግማሽ የሞሉ ሁለት በረራዎችን አንድ ያደርጉና «ኦፕሬሽናል (የአሠራር) ምክንያት» ብለው ይጽፉልሻል! ይህ ከካሳ አያድናቸውም። ከባድ የአየር ጠባይና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች አድማ ያድናቸዋል፤ የተለመደ የቴክኒክ ብልሽትና የራሳቸው ሠራተኞች አድማ ግን አያድናቸውም። ስለዚህ የተሰረዘበትን ምክንያት በኢሜይል አስጽፊ፤ በስልክ ያሉሽን ነገ ይክዱታል።

3. ጥያቄውን የምታቀርቢው ለሚያበረው አየር መንገድ እንጂ ቲኬቱን ለሸጠው አይደለም። ይህ በመልሱ ጉዞ ላይ ብዙ ሰው ያሳስታል። ከአዲስ አበባ ስትነሺ ደንቡ የሚሠራው አብራሪው ኩባንያ የአውሮፓ ከሆነ ብቻ ነው፤ ቲኬቱ ላይ የሉፍታንዛ ቁጥር ቢኖርም የሚያበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ አይሠራም። ከፍራንክፈርት ስትነሺ ግን ማንም ያብረው ይሠራል።

ቲኬቱን ከትራቭል ኤጀንት ከገዛሽ የቲኬቱ ገንዘብ በእነሱ በኩል ሊመለስ ይችላል፤ የካሳውን ደብዳቤ ግን ራስሽ የባንክ ቁጥርሽን ጽፈሽ ላኪ። ካሳ እናስመልስ የሚሉት ድርጅቶች ከገንዘቡ ላይ ይቆርጣሉ፤ መጀመሪያ ራስሽ ሞክሪ። ጀርመን ውስጥ 2 ወር መልስ ካጣሽ ለመንገደኛ ነጻ የሆነ አስታራቂ አካል አለ፤ መብቱ ደግሞ በረራው ከነበረበት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ 3 ዓመት ይቆያል።