የወስፌዋ ሴት፦ የአንባቢ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ወር እዚህ ዓምድ ላይ ስለ ፊልም ሙዚቃ ደራሲው ስለ ጄሪ ጎልድስሚዝ ስጽፍ፣ ሙዚቃውን የሠራለትን «ቤዚክ ኢንስቲንክት» የተባለ ፊልም በአንድ ዓረፍተ ነገር ነካ አድርጌ አልፌ ነበር። ስለ ሙዚቃው የጠየቀኝ ሰው የለም። ስለ ፊልሙ የመጣው ደብዳቤ ግን ተቆልሏል። ላላያችሁት፦ አንድ የቀድሞ የሮክ ዘፋኝ አልጋው ላይ እንዳለ በበረዶ መፈርፈሪያ ወስፌ ተወግቶ ይሞታል። የሳን ፍራንሲስኮው መርማሪ (ማይክል ዳግላስ) ደራሲዋን ካትሪን ትራሜልን (ሻረን ስቶን) ይጠረጥራል፤ እየጠረጠራትም ይወድቅላታል። ዳይሬክተሩ ሆላንዳዊው ፖል ቨርሆቨን ነው። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

ጥ፦ ካን ፌስቲቫል ላይ ታይቷል ብዬ ከወንድሜ ጋር ተወራርጃለሁ። እውነት ነው?

መ፦ የ1992ቱን ፌስቲቫል የከፈተው እሱ ነው። ብርህን ተቀበል።

ጥ፦ ተቺዎቹ ያኔ ወደውት ነበር ወይስ አጣጥለውት? አንዱ ድንቅ ይላል፣ ሌላው ቆሻሻ፤ ማንን ልመን ይላል የአዳማው አንባቢዬ።

መ፦ ሁለቱንም ብለውታል። አሜሪካዊው የፊልም ተቺ ሮጀር ኢበርት ከ4 ኮከብ 2 ሰጠው፤ እንደ መስቀለኛ ቃላት ነው፣ እስክትሞላው ይይዝሃል፣ ከሞላህ በኋላ ተራ ወረቀት ነው ዓይነት ነገር ነው ያለው። አሜሪካዊቷ ጸሐፊና የባህል ተቺ ካሚል ፓሊያ በበኩሏ ጥብቅና ቆመችለት፤ ለዲቪዲው የማብራሪያ ድምፅ እስከ መቅዳት ደርሳለች። ግራ መጋባቱ የባሰው ሽልማት ላይ ነው፦ በኤዲቲንግና በሙዚቃ ለኦስካር የታጨው ፊልም፣ በመጥፎ ሥራዎች ላይ በሚቀልደው ራዚ ደግሞ 3 ጊዜ ታጨ። ስቶን ለጎልደን ግሎብ በምርጥ ተዋናይት ዘርፍ ስትታጭ፣ ራዚዎቹ ለ«መጥፎ አዲስ ኮከብ» አጯት። አዲስ የተባለችው ከ10 ዓመት በላይ ስትሠራ ቆይታ ነው። ተመልካቹ ግን ማንንም አልጠበቀም፤ ወደ 49 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ከ350 ሚሊዮን በላይ አስገባ። እኔን ካልክ ኢበርት ግማሹን ልክ ነው፤ ታሪኩ ቀዳዳው ብዙ ነው። ግን 30 ዓመት ሙሉ ደጋግሞ የሚሞላ መስቀለኛ ቃላት አይቼ አላውቅም።

ጥ፦ እሺ፣ ገዳዩ ማነው?

መ፦ መጨረሻ ላይ ካሜራው ወደ አልጋው ሥር ሲወርድ ሻይ ልትጥድ ተነሥተህ ነበር? ተመልሰህ እይ።

ጥ፦ በልጅነቴ ቪዲዮ ቤት ያየሁትና አሁን ያየሁት አይገጥምም፤ ማን ነው የቆረጠው?

መ፦ ሁለት ዓይነት ቅጂ አለ። አሜሪካ ውስጥ ከ17 ዓመት በታች ጭራሽ የማይገባበት ደረጃ ሊሰጠው ስለነበር፣ ቨርሆቨን ጥቂት ሰከንዶች ቆርጦ ቀለል ያለውን ደረጃ አገኘ፤ አውሮፓ ያልተቆረጠውን አየች። ያንተን ቅጂ ግን የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ቆርጦት ይሆናል። የኛ ሰፈሩ ሰውዬ በ1986 ዓ.ም. (ይኼ የኛው ነው) 50 ሳንቲማችንን ተቀብሎ፣ ነገሩ ሲሞቅ ጋቢውን ቴሌቪዥኑ ላይ ጣል ያደርግ ነበር። አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን የጋቢውን ጥለት እያየን የምንሰማው ቫዮሊን ብቻ ነው። ጎልድስሚዝን የወደድኩት እንደዚያ ነው፤ ባለፈው ወር ልነግራችሁ የሞከርኩትም እሱን ነበር።

ጥ፦ ፊልሙን ግብረ ሰዶማውያን ተቃውመውታል ሲባል ሰማሁ። እንዴት ነው ነገሩ? ሊቃወሙት የሚገባው እኛ አልነበርንም?

መ፦ ተቃውሞው የተነሣው ፊልሙ ሳያልቅ፣ ገና በ1991 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሲቀረጽ ነው። ሴትን የሚወዱ ሴቶች በሆሊውድ የሚታዩት ከስንት አንዴ ነው፤ በታዩ ቁጥርም ነፍሰ ገዳይ ናቸው፤ ክርክራቸው ይኼ ነበር። ቀረጻ ቦታው ድረስ ሄደው ፊሽካ እየነፉ አስቸገሩ፣ የታሰሩም አሉ። የስክሪፕቱ ጸሐፊ ጆ ኤስተርሃስ ድርሰቱን በ3 ሚሊዮን ዶላር የሸጠ ሰው ነው፤ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ተቀምጦ ጥቂት ቦታ ለማሻሻል ሐሳብ ቢያቀርብ ዳይሬክተሩና ፕሮዲውሰሩ እምቢ አሉ። ፊልሙ ሲወጣ ደግሞ ገዳዩን የሚናገር ጽሑፍ ይዘው ሲኒማ በር ላይ ቆሙ። ከላይ ገዳዩን የጠየቅከኝ ልጅ፣ ያኔ እዚያ ብትኖር በነፃ ትረዳ ነበር።

ጥ፦ አንድ የጎንደር አባት፦ ወንድ አጥፊዋን ሴት «ፌም ፋታል» እያላችሁ እንደ አዲስ ነገር ታወራላችሁ፤ አባቶቻችን «ሴት የላከው ሞት አይፈራም» ብለው ጨርሰውታል።

መ፦ ልክ ነዎት ጋሼ። ተረቱ የሚናገረው ግን ስለ ተላኪው ነው፤ ላኪዋ ምን ሆነች አይልም። በ1944 በወጣው «ደብል ኢንደምኒቲ» ባርባራ ስታንዊክ ባሏን አስገድላ ራሷም ትሞታለች። እንዲያ የሆነበት ምክንያት አለው፤ የዘመኑ የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ ወንጀለኛ ሳይቀጣ ፊልም እንዲያልቅ አይፈቅድም ነበር። ካትሪን ግን ትኖራለች፣ መጽሐፏንም ትጽፋለች። ግማሹን ተቺ ያስደሰተው፣ ግማሹን ያበሳጨው ይኼ ነው። እርስዎ መጽሐፍ ያውቃሉና መሳፍንት 16ን አንድ ጊዜ ይዩልኝ፦ ደሊላ ከእያንዳንዱ መኰንን 1,100 ብር ተነጋግራ፣ ገንዘቡ መጥቶላት፣ ከታሪኩ ትወጣለች። ቅጣቷ አልተጻፈም።

ጥ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እህት፦ ስቶን እግሯን የምታነባብርበትን ትዕይንት ተታልዬ ነው የሠራሁት የምትለው ለወሬ ነው እንጂ፣ ፈልጋ የሠራችውን ከ30 ዓመት በኋላ ማልቀስ ምን ይባላል?

መ፦ እህቴ፣ ለወሬ ቢሆን ኖሮ በ1992 ነበር የሚሸጠው።

ያቺን ትዕይንት፣ ካትሪን ፖሊስ ጣቢያ የምትመረመርባትን፣ ባለፈው ሳምንት ድምፁን ዘግቼ ደግሜ አየኋት። ነጭ ቀሚስ፣ ወደ ኋላ የተያዘ ፀጉር፣ አንድ ወንበር። ፊት ለፊቷ ወንዶች ተደርድረዋል። ማጨስ ክልክል ነው ሲሏት፣ በሲጋራ ልትከሱኝ ነው ትላቸዋለች። ከዚያ እግሯን ታነባብራለች፤ የውስጥ ልብስ እንዳልለበሰችም ይታያል። ዓይኔ የቀረው ግን ዐቃቤ ሕጉን የሚጫወተው ዌይን ናይት ላይ ነው፤ ግንባሩ ወርዝቷል፣ የሚጠይቀው ጠፍቶታል። መርማሪዎቹ ተመርማሪ ሆነዋል። ተቺዎች «ኃይል ያላት ሴት» ሲሉ ይህንን አይተው ነው። እኔም ከዓመታት በፊት «ደፋሯ ትዕይንት» ብዬ ጽፌአለሁ፤ ስለ ፊልሙ ካነበብኩት ሁሉ የጎደለችውን አንዲት ጥያቄ ሳልጠይቅ፦ ያ ሾት እንደዚያ እንደሚወጣ ታውቅ ነበር?

በ2021 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ እንደጻፈችው አታውቅም። ነጩ የውስጥ ልብስ ብርሃን እየመለሰ አስቸገረን፣ አውልቂው፣ ምንም አይታይም ተባለች። ያየችው ሥራው አልቆ፣ ወኪሎችና ጠበቆች በሞሉበት ክፍል ውስጥ ነው። ዳይሬክተሩን በጥፊ መታችው፤ ወጥታ ጠበቃዋ ጋ ደወለች። ማሳገድ እንደምትችል ነገራት። አሰበችበትና ለፊልሙም ለገጸ ባሕርይዋም ስትል እንዲቀር ተወችው። ቨርሆቨን አይቀበለውም፤ ታውቅ ነበር ይላል። እኔ እዚያ አልነበርኩም። ግን ሁለቱን ክፍሎች ጎን ለጎን አስቀምጫቸው፦ በወንዶች በተሞላው የፊልሙ ክፍል ገዢዋ እሷ ናት፤ በእውነተኛው ክፍል ግን ኤዲቲንግ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሌላ ሰው ነው። እሷ ራሷ እንደተናገረችው የተከፈላት 500,000 ዶላር ነው፣ ለዳግላስ 14 ሚሊዮን። በኋላም የልጇን አሳዳጊነት ስትከራከር፣ ዳኛው ትንሹን ልጅ እናትህ የወሲብ ፊልም እንደምትሠራ ታውቃለህ ብሎ ጠየቀው ትላለች። የካትሪንን ዕዳ ስቶን ከፈለች ማለት ነው። አንቺ «ማልቀስ» ስላልሽው ብዙም አልቆጣሽም፤ እኔም ከሙያዬ ሰዎች ጋር አብሬ ነበርኩ።

ጥ፦ አዲስ አበባ ያለች ጀማሪ ተዋናይት፦ ዳይሬክተሩ ልብስ የማወልቅበት ትዕይንት አለ፣ ግድ የለሽም በኤዲቲንግ ይቆረጣል ይላል። ውል አልፈረምኩም።

መ፦ ከላይ ያለውን መልስ አንብቢና ወደዚህ ተመለሺ። አነበብሽ? እንግዲያው እስከዚያ እንዳትሄጂ። «ይቆረጣል» ቃል ነው፤ ቃል ደግሞ ሞንታዥ ክፍል አይገባም። ምን እንደሚታይ፣ ቀረጻው ላይ ማን እንደሚገኝ፣ ከመውጣቱ በፊት አንቺ ማየትሽና መከልከል መቻልሽ በጽሑፍ ይስፈር። ውጭ አገር ከ2018 ወዲህ ለእንዲህ ያለ ትዕይንት ራሱን የቻለ አስተባባሪ ባለሙያ መቅጠር እየተለመደ ነው፤ ስለዚህ ጠያቂ መሆንሽ አያሳፍርም። ግን እኔ ፊልም ተቺ ነኝ፣ ውል አላውቅም። ጠበቃ ጋ ሂጂ፤ በዚህ ሳምንት፣ ከመፈረምሽ በፊት። የምትከፍይው ከሌለሽ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። ያስፈራራሽ ወይም የነካሽ ካለ ደግሞ ይህን ለእኔ መጻፍሽን ትተሽ ዛሬውኑ ሂጂላቸው።

ጥ፦ ባለቤቴ ይህን ፊልም ካየ ወዲህ እያንዳንዱን ወጪዬን ይመረምራል፣ ምን ላድርግ?

መ፦ የትዳር አማካሪ። በረዶ መፈርፈሪያውንም ከማድ ቤት አንሺው።

ጥ፦ ክፍል 2ስ?

መ፦ 2006 ወጣ፤ የዓመቱ መጥፎ ፊልም ተብሎ ራዚ በላ። እኔ ስለ እናንተ አይቼዋለሁ።