«የወተት ነው፣ ይወድቃል» ለሚሉሽ

እህቴ አብሽሪ። ከኮምቦልቻ የጻፍሽውን አነበብኩት። ልጄ 6 ዓመት ሊሞላው ነው፣ የጥርስ ብሩሽ ሲያይ አልጋ ሥር ይገባል፣ ኋላ ካሉት ጥርሶቹ አንዱ ላይ ጥቁር ነገር አየሁ፣ አማቴ ደግሞ «የወተት ነው፣ ይወድቃል፣ ተይው» ይላሉ፣ ምን ላድርግ ነው ያልሽው። የመለሱልሽ ሰዎች «ከረሜላ ከልክዪው» ብለው አልፈዋል። ከረሜላውንማ ማን ያጣዋል! እኔ ደሴ ነው የምኖረው፤ ይሄው ነገር በትልቋ ልጄ ደርሶብኛል፣ ስለዚህ ላርዝምብሽ ነው።

1. መጀመሪያ ጥርሱን ቁጠሪ። መስኮት አጠገብ አስቀምጪውና አፉን አስከፍቺው። ከፊት ከመሃል ጀምረሽ በአንድ ጎን ወደ ኋላ ቁጠሪ። የወተት ጥርስ በአንድ ጎን ከ5 አያልፍም። ከላይ 10፣ ከታች 10፣ በቃ 20 ነው። 6ኛ ካገኘሽ እሱ የወተት አይደለም፣ ቋሚ መንጋጋ ነው። 6 ዓመት አካባቢ ከሁሉም ኋላ ይበቅላል፣ ምንም ጥርስ ሳይወድቅለት። ምንም ስላልወለቀ ቤት ውስጥ ማንም ልብ አይለውም። እሱ ከተበላሸ ደግሞ ምትክ የለውም። የልጅሽ ጥቁር ነገር እዚያ ላይ እንደሆነ ጠርጥሬያለሁ፣ የኔም ልጅ እዚያው ላይ ነበር።

ትልቋ ልጄ 7 ዓመቷ ላይ ቀዝቃዛ ነገር በጠጣች ቁጥር መጮህ ጀመረች። አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት፣ ስሙን አልጠራም። ካርድ አውጥተን አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ውለን ተራችን ሲደርስ ገባን። ሰውዬው ስልክ ያወራል። ቆየና ስልኩን ከጆሮው አውርዶ በዚያው ስልክ መብራት አፏን አየት አደረገና «የወተት ነው፣ ይወድቃል፣ ማስታገሻ ስጧት» አለኝ። ያየበትን ጊዜ ብነግርሽ አታምኚኝም። እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፣ ሱቅ ነው የምሠራው፣ ግን የልጄን አፍ አውቀዋለሁ። «ዶክተር፣ እዚህ ቦታ ላይ ጥርስ ወድቆላት አያውቅም፣ ይሄ በቅርቡ የበቀለ ነው» አልኩት። ዶክተር ልበለው እንጂ መሆኑንም እንጃ። «ሐኪሙ አንተ ነህ እኔ?» አለኝ፣ ልጄ ፊት። ውጭ ያሉት ሰዎች ሁሉ ሰሙ።

ማስታገሻው ለጊዜው ያዘላት። በኋላ አንድ ሌሊት ጉንጯ አብጦ፣ ትኩሳት ይዟት አደረች። ሌላ ቦታ ሄድን። አንዲት ወጣት ሐኪም ራጅ አስነስታ ቁጭ አድርጋ አሳየችኝ። «ይሄ ቋሚዋ ነው፣ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ይሞላ ነበር» አለች። ቀደም ብለንማ ሄደን ነበር! ተነቀለ። ልጄ አሁንም በአንድ ጎን ነው የምታኝከው። ያን ሰውዬ ፒያሳ ላይ ሳየው ዛሬም ደሜ ይፈላል። መቁጠሩን ያስተማረችኝ ያቺ ወጣት ሐኪም ናት፣ አላህ ይስጣት።

2. ስለዚህ ልጁን ስትወስጂ «ይወድቃል» ካሉሽ «ከመሃል ስንተኛው ጥርስ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይነግርሻል። የሚቆጣ ከሆነ ካርድሽን ይዘሽ ውጪ፣ አትከራከሪ፣ እኔ ተከራክሬ ምንም አላተረፍኩም። ጉድጓዱ ትንሽ ከሆነ ይሞላለታል። ጥርሱ ደህና ከሆነም የላዩን ስንጥቆች ምግብ እንዳይገባባቸው የሚሸፍኑበት ነገር አለ፣ ይኖራቸው እንደሆነ ጠይቂ።

እውነት የወተት ቢሆንስ? ይሄን ለአማትሽ በቀስታ ንገሪያቸው፣ ቡና ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። የፊቶቹ 6 እና 7 ዓመት ላይ ይወድቃሉ፣ ልክ ናቸው። የኋላ የወተት መንጋጋ ግን ከ10 እስከ 12 ዓመት ድረስ ነው የሚቆየው። ታዲያ ልጁ እስከዚያ በተቦረቦረ ጥርስ ይብላ? ሥሩ መግል ከያዘ ከበታች የሚመጣውን ቋሚ ጥርስም ይጎዳል። ያለጊዜው ከተነቀለ ደግሞ ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ይጋደሙና አዲሱ ሲመጣ ቦታ ያጣል፣ ተጣሞ ይወጣል።

3. ብሩሹ። ራሱ እንዲቦርሽ ሰጥተሽው ከሆነ ተቀበዪው። እስከ 7፣ 8 ዓመት ድረስ ወላጅ ነው የሚቦርሽለት፣ የልጅ እጅ የኋላውን አይደርስበትም። ፊት ለፊት ቆመሽ አትታገዪው። ከኋላው ሆነሽ ጭንቅላቱን ደረትሽ ላይ አስደግፈሽ ከኋላ ጥርሶቹ ጀምሪ። የሚሸሽ ከሆነ ፍራሽ ላይ አስተኝተሽ ጭንቅላቱን ጭንሽ ላይ አድርጊ፣ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ይታይሻል። አዲስ የሚበቅለው መንጋጋ ከሌሎቹ ዝቅ ስለሚል ብሩሹን በጎን አስገቢለት። 2 ደቂቃ በቂ ነው። ባለቤቴ አንድ መንዙማ ከፍተን እስኪያልቅ ብላ ነበር፣ በሱማ ሱብሂ ይደርስብናል!

እኛ ቤት የማታው ሥራ የኔ ነው። ሱቅ ዘግቼ ገብቼ፣ እራት ከተበላ በኋላ ሁለተኛውን ልጄን እቦርሽለታለሁ፣ ከዚያ በኋላ ከውኃ በቀር ምንም አይቀምስም። ጠዋት ሲቸኩል ቢያመልጠን እንኳ የማታው አይቀርም፤ ስንተኛ ምራቅ ስለሚቀንስ ጥርስ ላይ የተጣበቀው እንዳለ ያድራል። ወንድሞቼ «አንተ ወንድ ሆነህ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አሁን ልጃቸውን ይዘው ለጥርስ የሚመላለሱት እነሱ ናቸው። የኔ ልጅ 9 ዓመቱ ነው፣ አንድም ቀዳዳ የለውም፣ ማሻአላህ በሉ።

የጥርስ ሳሙናው ካርቶን ላይ ፍሎራይድ የሚባለው ጥርስ የሚያጠነክር ማዕድን መኖሩን እዪ፣ መጠኑ ከ1000 ፒፒኤም (ppm ተብሎ ይጻፋል) ባያንስ ጥሩ ነው። ሥዕል ያለበትና እንጆሪ እንጆሪ የሚለው ሁሉ የልጅ አይምሰልሽ፣ አንዳንዱ ጭራሽ ፍሎራይድ የለውም። ለልጅሽ የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃዋለች፣ ከ3 ዓመት በታች ላሉት የሩዝ ፍሬ የምታህል። ሲጨርስ ይትፋው እንጂ በውኃ አይጉመጥመጥ፣ ፍሎራይዱ እዚያው ይቆይለት። ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈርማ ግልግል ነው። አንዱ እዚህ «ፍሎራይድ ጥርስ ያበልዛል» ብሎ ጽፏል። ወንጂና መተሐራ አካባቢ ጥርስ የሚበልዘው ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውኃ ስለሚጠጣ ነው። ተፍተሽ የምትጥዪው የአተር ፍሬ እንደዚያ አያደርግም።

መፋቂያ ይበቃል የምትሉም አላችሁ። እኔም ሲዋክ ከኪሴ አይጠፋም፣ ሱና ነው፣ ለአዋቂ ጥሩ ነው። ልጁም ጠዋት ከአያቱ ጋር ይፋቅ፣ ደስ ይለዋል። ማታ ግን በብሩሽና በሳሙና።

የደሴ ልጅ ቢሸሽ አልፈርድበትም፣ የጠዋቱ ውኃ ጥርስ ያደነዝዛል። እኛ ከፔርሙዝ ትንሽ ሙቅ ጠብ እናደርግበታለን። እናንተ ኮምቦልቻዎች ግን ይሄ ሰበብ የላችሁም።

ስኳር ላይ ከብዛቱ ይልቅ ምልልሱን ተቆጣጠሪ። ጣፋጭ አፍ ውስጥ በገባ ቁጥር ግማሽ ሰዓት ገደማ አሲድ ጥርሱን ይበላዋል። እኛ ወሎዎች ቡና በቀን ሦስት ጊዜ እናፈላለን፣ በየቡናው ላይ ደግሞ ስኳር የተነሰነሰ ፈንዲሻ ለልጅ ይታፈሳል። እናቴን ለማሳመን ያየሁትን አበሳ አታንሺብኝ! በመጨረሻ ፈንዲሻው በጨው፣ ስኳር ያለው ሻይ ከምግብ ጋር ብቻ በሚል ተስማማን። ረመዳን ሲመጣ ግን ሥርዓቱ ሁሉ ይፈርሳል፤ ልጆቹ እኩለ ሌሊት ድረስ ቴምር ይዘው ይዞራሉ፣ ጥርስ ላይ ይጣበቃል፣ እንደዚያው ይተኛሉ። ያን ወር ብሩሹን ይዤ እየተከተልኩ ነው የማድረው።

ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ደግሞ ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው «ግግ ነው» ብለው ድዱን እንዳያስወጉት አደራ። እዚያ ውስጥ ያለው ገና ያልወጣ ጥርስ ነው። ሕፃኑን ለተቅማጡ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ስኳር ያለው ጡጦ አፉ ላይ አድርጋችሁም አታስተኙት።

ጉንጩ ካበጠ ወይም ትኩሳት ካለው ነገ ዛሬ አትበይ፣ በዚያው ቀን ውሰጂው። ነጭ ሽንኩርት አስቀምጪበት የሚሉሽን አትስሚ፣ ድድ ያቃጥላል። ካላበጠ ግን ነገ ጠዋት በብርሃን ቁጠሪና 5 ነው 6 ብለሽ እዚሁ ጻፊልኝ።