ምርመራው ሁሉ «ደህና ነው» እየተባለ የማይለቅ ማዞር

ጥያቄ፦ የ41 ዓመት ሴት ነኝ። ከስምንት ወር በፊት ጠዋት አልጋ ላይ ስገላበጥ ቤቱ ሁሉ ዞረብኝ። ያ አዙሪት ቢተወኝም ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ያንገዳግደኛል። ገበያ መሀልና ታክሲ ውስጥ ይብስብኛል፤ ስተኛ ይሻለኛል። ደም፣ ግፊትና የራስ ሲቲ ስካን ታይቶ «ምንም የለብሽም» ተባልኩ። የታዘዘልኝን ሲናሪዚን የተባለ የማዞር ኪኒን ለሰባት ወር ሳላቋርጥ ወስጃለሁ። ምን ልመርመር? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ሲቲ ስካኑ ደህና መሆኑ አንዳንድ በሽታዎችን ያስወጣል እንጂ ሕመም የለም አያሰኝም። የውስጠኛው ጆሮ የሚዛን ችግሮች አብዛኞቹ በፎቶ አይታዩም። በደብዳቤዎ ውስጥ ትልቁ ፍንጭ አልጋ ላይ መገላበጥዎ ነው።

ጆሮ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶች ከቦታቸው ተነቅለው ወደ ሚዛን ቱቦዎቹ ሲገቡ፣ ሰው በተገላበጠ ቁጥር ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ኃይለኛ አዙሪት ይመጣል። ይህን ለማጣራት አልጋ ይበቃል። እግርዎን ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ራስዎ ወደ አንድ ጎን 45 ዲግሪ ይዞራል፤ ሐኪሙ ራስዎን ይዞ ፈጠን አድርጎ በጀርባዎ ያስተኛዎታል፤ ራስዎም ከአልጋው ጠርዝ ትንሽ ወደ ታች ዘንበል ይላል። ከዚያ የዓይንዎ ብሌን በራሱ ወዲያ ወዲህ ይርገበገብ እንደሆነ ቢያንስ 30 ሴኮንድ ይመለከታል። ምርመራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ሲዞርበት ዓይኑን ይጨፍናል፣ ምልክቱም ያመልጣል። አይጨፍኑ፤ በሁለቱም ጎን እንዲደረግልዎም ይጠይቁ። ከተገኘ እዚያው ራስን በቅደም ተከተል በማዞር ቅንጣቶቹ ይመለሳሉ። ኪኒን አይመልሳቸውም።

ምርመራው ምንም ባያሳይም ጉዳዩ አላለቀም። ከሦስት ወር በላይ መዝለቁ፣ ሲቆሙና ግርግር ውስጥ ሲገቡ መባሱ፣ ባራኒ የተባለው ዓለም አቀፍ የሚዛን ሕመም ባለሙያዎች ማኅበር በ2017 እ.ኤ.አ. መስፈርት ካወጣለት «ፒፒፒዲ» ከሚባለው ሕመም ጋር ይመሳሰላል። የመጀመሪያው አዙሪት ካለፈ በኋላ አንጎል ከልክ በላይ በዓይን ላይ መደገፉን ሳይተው ሲቀር የሚመጣ እውነተኛ ሕመም ነው። ሕክምናው የሚዛን ልምምድ ነው፤ አንዳንዴም መድኃኒት ይጨመራል። አንድ ልምምድ እነሆ፦ ወረቀት ላይ አንድ ፊደል ጽፈው አንድ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ዓይንዎን ከፊደሉ ሳይነቅሉ ራስዎን ግራና ቀኝ ለአንድ ደቂቃ ያንቀሳቅሱ፤ በቀን ሦስት ጊዜ። ፊደሉ ከደበዘዘ ፍጥነቱን ይቀንሱ። ትንሽ ማዞሩ የሚጠበቅ ነው። የአንገት ሕመም ካለብዎ ግን አስቀድመው ፊዚዮቴራፒስት ያማክሩ።

ሲናሪዚኑ ያሳስበናል። ለጥቂት ቀን ይጠቅማል፤ ሲረዝም ግን አንጎል ሚዛኑን መልሶ እንዳይለምድ ያዘገየዋል፣ የእጅ መንቀጥቀጥና ድብርትም ሊያመጣ ይችላል፣ የዓይን ምልክቱንም ሊሸፍን ይችላል። እንዴት እንደሚያቆሙት ያዘዘልዎን ሐኪም ይጠይቁ።

አንገት በላይ ወይም የነርቭ ሐኪም ጋ ሲሄዱ «ያዞረኛል» ብቻ አይበሉ። በደብተር ይያዙ፦ ለምን ያህል ጊዜ ቆየ? ምን ሲያደርጉ ጀመረ? ጆሮ ጮኸ? መስማት ቀነሰ? ብርሃንና ድምፅ አስጠላ? ከ20 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት የሚቆይ፣ ከጆሮ ጩኸትና መስማት መቀነስ ጋር የሚመጣ አዙሪት ሜኒየር ወደሚባል የውስጠኛው ጆሮ ሕመም ያመራል፤ ብርሃን የሚያስጠላው ደግሞ፣ ራስ ምታት ባይኖርም፣ ማይግሬን ሊሆን ይችላል። ሲቆሙ የሚወርድ ግፊትም ሊያዞር ይችላልና ግፊትዎን አምስት ደቂቃ ተኝተው፣ ከዚያ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ያስለኩ፤ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ይናገሩ። ተቀምጦ ብቻ መለካት ይህን አያሳይም። በጾም ወቅት ውኃ ሲያንስ ይህ ይባባሳል።

ድንገት አንድ ጎን ከደከመ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ መቆም ካቃተ ወይም አንድ ጆሮ ድንገት ከደነቆረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ አባቴ ተኝተው ሲታከሙ ጄንታማይሲን የተባለ የአንቲባዮቲክ መርፌ ተወጉ። ከዚያ ወዲህ በጨለማ መሄድ አልቻሉም፤ ሲራመዱ የሚያዩት ሁሉ ይዘልልባቸዋል። ግን አይዞርባቸውም፤ ይሰማሉም።

መልስ፦ ጄንታማይሲን የሁለቱንም ጆሮ የሚዛን ክፍል ሊጎዳ ይችላል። ጉዳቱ በሁለቱም በኩል እኩል ሲሆን አዙሪት አይኖርም፤ መስማትም ሊተርፍ ስለሚችል የመስማት ምርመራው ደህና ቢሆን አይዘናጉ። አንገት በላይ ሐኪም ጋ ወስደው የመርፌውን ስም፣ መጠንና የቀናቱን ብዛት ያሳዩ። የተጎዳው ብዙውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ የሚዛን ልምምድ ግን ይረዳል። ማታ ባትሪ ይያዙ፤ ወፍራምና ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ ይቅርባቸው። ብቻቸውን አይዋኙ፤ ውኃ ውስጥ ላይና ታቹ ሊጠፋባቸው ይችላል። በሄዱበት ጤና ተቋም ሁሉ ጄንታማይሲንና የእሱ ዘመዶች የሆኑት ስትሬፕቶማይሲንና አሚካሲን ሌላ አማራጭ ካልጠፋ እንዳይሰጣቸው በካርዳቸው ላይ ይጻፍ።