ሰልባቲዮ ውስጥ የተኛ ቆሻሻ

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? ከጅማ አጋሮ የምመላለስባት ሞተር አለችኝ፣ ሰልባቲዮዋ (የቤንዚን ታንከሯ) ፕላስቲክ ነው። መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን ከቀዳሁ ወዲህ ዳገት ላይ እየተንተፋተፈች ትጠፋለች፣ በባትሪ ሳየው ታች አሸዋ ነገር ተኝቷል። ጓደኞቼ አሲድና ጠጠር ከተህ ናጠው ይሉኛል፣ ላድርገው?

መልስ፦ ኧረ ተው ወንድሜ! አሲድና ጠጠር የብረት ሰልባቲዮ ዝገት ለማስለቀቅ ነው፣ ያንተ ፕላስቲክ ስለሆነ አይዝግም፣ ጠጠሩ ውስጡን ፍቆ ሌላ ቆሻሻ ይጨምርልሃል እንጂ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቤንዚኑን ደጅ ላይ ጀሪካን ውስጥ ገልብጠው፣ ሲጋራም የቡና ከሰልም አጠገብህ እንዳይኖር (ጅማ ላይ ቡና የማይፈላበት ደጅ ካገኘህ ማለቴ ነው)። ከዛ ሰልባቲዮውን ፈትተህ የቤንዚን መዝጊያውን ከነወንፊቱ ንቀል፣ የመዝጊያው ጎማ እንዳትጠፋብህ፣ ትንሽ ንፁህ ቤንዚን አርገህ እያገላበጥክ ናጥና ድፋ፣ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ደጋግመው፣ የቆሸሸውን ግን ቦይ ውስጥ እንዳትደፋው። እምቢ ካለ ለብ ባለ ውሃና በላርጎ እጠበው፣ የፈላ አይሆንም፣ ቲነርም አታስጠጋው። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ጠብታ እንኳን ከቀረ ታች ተቀምጦ ቀድሞ ወደ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ይሄዳል፣ ስለዚህ በደንብ ይድረቅ፣ በኛ ክረምት ደግሞ ይሄ ቀላል አይደለም፣ ጎሚስታ ጋር ወስደህ ውስጡን በአየር አስነፋው። ካርቡሬተሩንም ታችውን ከፍተህ እጠብ፣ አሸዋው እዛም ደርሷል። ፊልትሮ ቀይር፣ መዝጊያውን ሪዘርቭ (መጠባበቂያ) ላይ አድርገህ አትንዳ፣ ሪዘርቭ የሚስበው ከታች ነው። ቀጥሎ ስትቀዳ በጨርቅ አጥልለው።