ለኳስ ሜዳና ለዱር እንስሳት ካሜራ ከመቀየርህ በፊት

ጥያቄህን ላሳጥረው፦ እጅህ ላይ ካኖን 1300ዲ አለ፣ ከ18-55 እና ከ75-300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር። ቅዳሜና እሁድ የክለብ ኳስ ጨዋታ ታነሳለህ፣ ሲመችህ ሐዋሳና ባሌ ሄደህ ወፍና እንስሳ ታነሳለህ። ፎቶው እየደበዘዘብህ ስለሆነ የካኖንን ሚረርለስ (ውስጡ የሚገለበጥ መስታወት የሌለው) ካሜራ አር7 ልግዛ፣ ያገለገለ 7ዲ ማርክ 2 ልፈልግ ወይስ ወደ ፉል ፍሬም (ምስል ተቀባዩ ሴንሰር ትልቅ ወደሆነ ካሜራ) ልሂድ ነው ያልከው።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ወንድሜ፣ ገንዘብህ መጀመሪያ መግባት ያለበት ሌንስ ላይ ነው፣ ቦዲው (ካሜራው ራሱ) ይከተላል። 75-300ውን አር7 ላይ ብትሰካው ያው ለስላሳ ምስል በሰከንድ 15 ጊዜ ይነሳልሃል እንጂ አይጠራም። ጥሩ ሌንስ ግን ዛሬውኑ 1300ዲህ ላይ ይሠራል፣ ነገ ቦዲ ስትቀይርም አብሮህ ይሻገራል።

አሁን ከደበዘዙት ፎቶዎች አሥሩን ኮምፒውተር ላይ ክፈትና መቶ በመቶ አጉልተህ እያቸው። ድብዘዛ ሁሉ አንድ አይደለም። ተጫዋቹ ደብዝዞ ከኋላው ያለው ሣር ወይም የማስታወቂያ ሰሌዳ ጥርት ብሎ ከታየ ፎከሱ ስቷል። ፊቱና ማልያው ጠርቶ እግሩና ኳሱ ብቻ ከተጎተቱ ሻተር ስፒዱ (የካሜራው መጋረጃ ተከፍቶ የሚዘጋበት ፍጥነት) አንሷል። ሰውም ሜዳም አጥርም ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የተደራረበ ከመሰለ የተንቀሳቀሰው እጅህ ነው። አቅጣጫ የሌለው፣ ዳር እስከ ዳር እኩል የለሰለሰ፣ ስስ ጭጋግ የለበሰ የሚመስል ከሆነ ግን ጥፋቱ የሌንሱ ነው፤ 75-300 ደግሞ 300 ላይ ሲዘረጋ የሚታማው በዚሁ ነው። ኤፍ 8 ላይ (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) አድርገህ 250 አካባቢ ሞክረው፣ ልዩነቱን ታየዋለህ።

ሻተር ስፒዱን በቁጥር እንየው። በሰከንድ 8 ሜትር የሚሮጥ ተጫዋች በ1/250 ውስጥ ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ በ1/1000 ግን 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ኳስ የሚመታ እግር ከዚያ በጣም ይፈጥናል። ስለዚህ ለሩጫ ከ1/1000 አትውረድ፣ ኳስ ሲመታና በጭንቅላት ሲገጭ 1/1600 ወይም 1/2000፣ የሚበር ወፍ ከሆነ 1/2000 እና ከዚያ በላይ። ብዙ ሰው "ስፖርት" የሚለውን ምልክት መርጦ ይተወዋል፤ ብርሃን ሲቀንስ ካሜራው ዝም ብሎ ፍጥነቱን ያወርድብሃል። በማንዋል ሻተሩንና አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) አንተ ያዝ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ብቻ አውቶ አድርግ።

ወደ ሌንሱ እንምጣ። ምን ያህል ርዝመት (በሚሊ ሜትር የሚጻፈው የሌንሱ የማቅረብ አቅም) እንደሚያስፈልግህ በግምት ሳይሆን በስሌት ይታወቃል። የ1300ዲህ ሴንሰር 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ነው። ርቀቱን በሴንሰሩ ከፍታ አባዝተህ ለሌንሱ ርዝመት ስታካፍል ፍሬሙ ውስጥ የሚገባውን ከፍታ ታገኛለህ። ከጎል ጀርባ ጥግ ላይ ተቀምጠህ 50 ሜትር ላይ ያለ ተጫዋች በ200 ሚ.ሜ ስታነሳ ፍሬሙ 3.7 ሜትር ይይዛል፤ ሰውየው ግማሽ ያህሉን ይሞላል። በ280 ከሆነ 2.7 ሜትር አካባቢ፣ ይህ በጣም ጥሩ ነው። ሜዳው 105 ሜትር ነውና የወዲያኛው ጎል ላይ የሚሆነውን እርሳው፤ እዚያ የሚደርስ ሌንስ ሰው የሚከብደው ዋጋ አለው፣ ደርሶም በአየሩ ሙቀት ይርገበገባል። አሁን ለቀይ ቀበሮ፦ ባሌ፣ ሳነቴ ላይ 40 ሜትር ቢጠጋህ በ400 ሚ.ሜ የፍሬሙ ወርድ 2.2 ሜትር ነው፣ ቀበሮው ግማሹን ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። በ300 ሲሦውን ነው የሚይዘው። ለኳስ 200 የሚበቃ ሆኖ ሳለ ለእንስሳ 400 የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የብርሃኑ ጉዳይ ደግሞ ከርዝመቱ ይብሳል። እኛ አገር ፀሐይ ስትጠልቅ ቶሎ ነው፤ 10 ሰዓት የጀመረ ጨዋታ ሁለተኛው አጋማሽ ሊያልቅ 15 ደቂቃ ሲቀረው ብርሃኑ እየተንሸራተተ ይሄዳል። 75-300 ጫፉ ላይ ኤፍ 5.6 ነው። ከኤፍ 2.8 ጋር ሲነጻጸር የሚያስገባው ብርሃን ሩቡን ነው። በመብራት በሚደረግ ጨዋታ በ1/1000 እና በኤፍ 2.8 አይኤስኦ 3200 የሚበቃበት ቦታ በኤፍ 5.6 12800 ይጠይቅሃል፤ 1300ዲ ደግሞ መደበኛ ጣሪያው 6400 ነው። ስለዚህ ፎቶው ወይ ይጨልማል ወይ ይጎተታል።

ለኳስ የምመክርህ ካኖን 70-200 ኤፍ 2.8 ኤል ነው። ስታቢላይዘር (የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያ) የሌለው የድሮው ሞዴል ይበቃሃል። ሰው ስታቢላይዘር የለውም ብሎ ይሸሸዋል፣ በዚያው ምክንያት ዋጋው ይወርዳል፤ በ1/1000 የሚያነሳ ሰው ግን ስታቢላይዘር ምንም አይጨምርለትም፣ የሚሮጠውን ሰው አያቆምለትምና። ክብደቱ 1.3 ኪሎ አካባቢ ነው። በኋላ የካኖንን 1.4 ኤክስቴንደር (ሌንሱን የሚያስረዝም ተጨማሪ ዕቃ) ብትጨምርበት 280 ኤፍ 4 ይሆናል፤ አንድ ስቶፕ፣ ማለትም ግማሹን ብርሃን ይወስድብሃል፣ ቀን ላይ ግን አይሰማህም። 2 እጥፍ የሚያደርገውን ተወው፤ ሁለት ስቶፕ ይበላል፣ ጥራቱም ይወርዳል።

ለእንስሳ 100-400 ኤፍ 4.5-5.6 ኤል ማርክ 2 ከቻልክ ያዘው። ካልቻልክ 400 ኤፍ 5.6 ኤል የሚባለው ዙም የሌለው ሌንስ አለ፤ 1.25 ኪሎ ብቻ ነው፣ ስለታም ነው፣ የሚበር ወፍ ለመከተል ቀላል ነው። ጉድለቱ ከ3.5 ሜትር ቀርቦ ፎከስ አለመያዙና ስታቢላይዘር የሌለው መሆኑ ነው። ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ትራፊ የሚጠብቅ አባ ኮዳ አጠገብህ መጥቶ ከቆመ በ400 ራሱን ብቻ ነው የምታገኘው፤ እዚያ 70-200ው ይሻልሃል። ሲግማና ታምሮን 150-600ዎቹ ዋጋቸው ደህና ነው፣ ግን 2 ኪሎ አካባቢና ከዚያም በላይ ናቸው፣ ጫፋቸው ኤፍ 6.3 ነው፣ ሚረርለስ ላይ ፎከሳቸው ወዲያ ወዲህ የሚልበት ጊዜ አለ። ያንኑ ልትገዛው ያለውን ሌንስ ያንኑ ቦዲ ላይ ሰክተህ ሳትሞክር ብር አትክፈል።

አሁን ቦዲው። 1300ዲ በሰከንድ 3 ፎቶ ያነሳል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ በሁለት ፎቶ መካከል ወደ 7 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። 9 የፎከስ ነጥብ አለው፣ አስተማማኙ የመሀሉ ብቻ ነው። እስከምትቀይረው ድረስ የመሀሉን ነጥብ ብቻ ምረጥ፣ ኤአይ ሰርቮ (የሚንቀሳቀሰውን የሚከተል ፎከስ) ላይ አድርገው፣ ነጥቡን ተጫዋቹ ደረት ላይ አሳርፍ።

7ዲ ማርክ 2 የወጣው በ2014 ነው፣ አርጅቷል፣ ለኳስ ግን አሁንም ሠራተኛ ነው። በሰከንድ 10 ፎቶ፣ 65 የፎከስ ነጥብ፣ ሁለት ካርድ። ትልቁ ነገሩ የመብራት ብልጭታን ማወቁ ነው። ኤሌክትሪካችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል ይደበዝዛል፤ በ1/1000 ስታነሳ አንዱ ፎቶ ደማቅ፣ ቀጣዩ ጥቁር ብርቱካን የሚሆነው ለዚህ ነው። አንቲ ፍሊከር የሚለውን ስታበራው ካሜራው መብራቱ የሚደምቅበትን ቅጽበት ጠብቆ ያነሳል። ፎከሱ ላይ ደግሞ ትራኪንግ ሴንሲቲቪቲ የሚለውን ወደ መቀነሱ አውርደው፤ ዳኛው መሀል ሲያቋርጥ ፎከሱ ዘሎ ዳኛው ላይ አይሰቀልም። ድክመቱ አይኤስኦ 6400 ላይ ሻካራ መሆኑ ነው።

አር7 ለእንስሳ ሌላ ዓለም ነው። የወፍንና የእንስሳን ዓይን ራሱ ፈልጎ ይይዛል። የወንድ ጭላዳ ጎፈር በነፋስ ሲገላበጥ የድሮ ካሜራ ፎከስ ጠጉሩ ላይ ይቀራል፣ ይኼኛው ዓይኑ ላይ ይቆያል። ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ጉድጓድ ላይ አድብቶ ድንገት ሲዘል ጣትህ ይዘገያል፤ አር7 ሮው በርስት በሚባለው ምርጫው ላይ ጣትህ ከመጫኑ በፊት የነበረውን ግማሽ ሰከንድ ያስቀርልሃል። ግን ይህ በኤሌክትሮኒክ ሻተር ነው፣ የአር7 ሴንሰር ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚነበበው። ስለዚህ የሚመታ ኳስ እንቁላል ይሆናል፣ የወፍ ክንፍ ይታጠፋል፣ መብራት ስር ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ይጋደማል። ለኳስ ሜካኒካሉን ተጠቀም፣ እሱም በሰከንድ 15 ነው። ሮው (ጥሬ ፋይል) በሙሉ መጠኑ ስታነሳ ከ3 ሰከንድ በኋላ ጊዜያዊ ቋቱ ሞልቶ ይዝላል፤ ሲሮው የሚባለውን የተጨመቀውን ምረጥ፣ ዩኤችኤስ 2 የሚባለውን ፈጣን ካርድ ግዛ። ከጀርባው ሁለት ረድፍ የወርቅ ጥርስ ያለው እሱ ነው፤ አንድ ረድፍ ብቻ ያለው ላይ ምንም ቢጻፍ አይደለም። ሌንሶችህ በሙሉ ከኢኤፍ (ከአሁኑ ሌንሶችህ መግጠሚያ) ወደ አርኤፍ (ወደ አር7 መግጠሚያ) በሚቀይረው አዳፕተር ይሠራሉ፤ ውስጡ የሌንስ መስታወት ስለሌለው ጥራት አይቀንስም። ባትሪው ከ7ዲ ማርክ 2 ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ የ1300ዲህ ግን አይገባም።

ፉል ፍሬሙን በተመለከተ፣ የካኖን ፉል ፍሬም የሆነው አር6 በማታ ጨዋታ ከሁለቱም ይበልጣል፣ ይህን አልክድም። ነገር ግን 20 ሜጋ ፒክስሉን አር7 እስከሚያቀርበው ድረስ ብትቆርጠው የሚቀርህ 8 ሜጋ ፒክስል አይሞላም። ሌንስህ 200 ላይ ለሚያበቃ ሰው ባሌ ላይ ያስቆጭሃል። ሥራህ በአብዛኛው የማታ ኳስ ከሆነ እሱን ያዝ፣ ኳስና እንስሳ እኩል በእኩል ከሆነ ግን ተወው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ለኔ ይህ ነው፦ መጀመሪያ 70-200 ኤፍ 2.8፣ 1300ዲው ላይ ሰክተህ አንድ ሁለት ወር ሥራበት። ከዚያ ቦዲ፤ ገንዘቡ ካጠረ 7ዲ ማርክ 2፣ ከበቃ አር7። የ400ው ሌንስ በመጨረሻ። ባሌ በዓመት አንዴ የምትሄድ ከሆነ ደግሞ 100-400 አዲስ አበባ ከሚያከራዩት ተከራየው፤ ለአራት ቀን ጉዞ ያን ያህል ገንዘብ ሌንስ ላይ ማሰር የለብህም።

ያገለገለ ስትገዛ በቀን ብርሃን ይሁን። ነጭ ወረቀት ወይም ሰማይ በኤፍ 16 አንሳና አጉላው፤ ግራጫ ነጥቦች አቧራ ናቸው፣ ይጸዳሉ፤ የማይጠፋ ጭረት ከሆነ ተመለስ። የሌንሱን አፐርቸር ከፍተህ በስልክ መብራት ከኋላ አብራበት፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ከታየህ ፈንገስ ነው፣ በነጻም አትውሰደው። የሚመጣ መኪና ላይ በሰርቮ 30 ፎቶ በተከታታይ አንሳ፤ ታርጋው ከግማሽ በላይ ላይ ካልተነበበ ፎከሱ ችግር አለበት። 7ዲ ማርክ 2 ላይ ትንሽ ወደፊት ወይም ወደኋላ መሳት በማይክሮ አጀስትመንት ይስተካከላል፣ 1300ዲ ላይ ግን ይህ ማስተካከያ የለም፣ አር7 ደግሞ አያስፈልገውም። የሻተር ቁጥሩን (እስካሁን ስንት ፎቶ እንዳነሳ) ካኖን ፎቶው ውስጥ አይጽፈውም፣ በኬብልና በሶፍትዌር ነው የሚነበበው፤ 7ዲ ማርክ 2 ለ200,000 ተብሎ የተሠራ ነው። ካርድ ማስገቢያውን በመብራት እየው፣ የታጠፈ መርፌ ካለ ካርድህን ይበላል።

ስለ ሜዳው ሁለት ነገር ልጨምር። አዋሽ ላይ ሳላ ስታነሳ ጠዋት ከ3 ሰዓት በኋላ መሬቱ ይግላል፣ አየሩ ይርገበገባል፣ የትኛውም ሌንስ አያጠራውም። የመኪናው ሞተር እየሠራ በመስኮት ካነሳህ ደግሞ ያን ሙቀት ራስህ ነው የፈጠርከው፤ አጥፋው፣ ሁለት ኪሎ ሩዝ የሞላ ከረጢት መስኮቱ ላይ አድርግና ሌንሱን አሳርፍበት። ሳነቴ ንጋት ላይ ብርዱ ባትሪ ይገድላል፤ ትርፉን የውስጥ ኪስህ ውስጥ ያዝ። ከብርዱ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገባ ቦርሳውን ሳትከፍት ግማሽ ሰዓት አቆየው፣ አለበለዚያ ሌንሱ ውስጥ ውሃ ይይዛል።

ከደበዘዙት ሦስቱን ላክልንና አብረን እንያቸው። በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላከው፤ በፎቶ ከላክኸው ቴሌግራም ይጨምቀዋል፣ ሻተር ስፒዱንና አይኤስኦውን የሚነግረን መረጃም አብሮ ይጠፋል።