ልጄ ከሳችብኝ

ጥያቄ፦ ልጄ ስትወለድ 2.4 ኪሎ ነበረች። በአምስተኛ ቀኗ 2.25 ሆነች። አማቴ «ትንሽ ቅቤ ትላስ» ይላሉ። ምን ላድርግ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ከ2.5 ኪሎ በታች ስለተወለደች ክትትል ያስፈልጋታል። የቀነሰችው 150 ግራም ግን አያስደነግጥም። አራስ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፤ አብዛኞቹ በሁለት ሳምንት ይመልሱታል። ቅቤውን እማማ ላንቺ ገንፎ ያድርጉት፤ ለእሷ ጡት ብቻ። ከሦስት ሰዓት ሳታሳልፊ አጥቢያት፣ ሌሊትም ቀስቅሰሽ። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ አይጣል ነው! ኮፍያና ዳይፐር ብቻ አድርገሽላት ደረትሽ ላይ ቆዳ ለቆዳ ለጥፈሽ እቀፊያት፤ ከላይ ጋቢ ደርቢ። መጥባት እምቢ ካለች፣ ከቀዘቀዘች፣ ካተኮሳት ወይም ትንፋሿ ከፈጠነ ሳትውይ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ውሰጃት።